ለፈተናው የሚላጭ ሰው

ጥቅምት 9

ይድረስ ለክቡር አባቴ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እስካሁን መልስ ባለመስጠቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ እዚህ ወረቀት ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ጀምሬ «ለጤናዎ እንደምን» የሚለው ላይ ስደርስ ቀጥሎ የሚባለው እየጠፋኝ ነው የተውኩት።

«እዚያ ምን ያሠሩሃል?» ብለው ጠይቀውኛል። ድንጋይ የሚያስፈልጡን መስሎዎት ከሆነ እንደዚያ አይደለም። ማረሚያ ቢሆንም የወጣቶች ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ነው። ያቋረጥኩትን ዘጠነኛ ክፍል እንደገና ጀምሬያለሁ። ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች መሃል ነኝ፤ እግሬ ዴስኩ ስር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዘርግቼ ነው የምቀመጠው። ከሰዓት በኋላ ሙያ እንማራለን። እንጨት ሥራ አለ፣ ብረታ ብረት አለ፣ ልብስ ስፌት አለ፣ ፀጉር ሥራም አለ። እኔ እንጨት ብዬ ተመዘገብኩ። አንድ ቀን የፀጉር ክፍሉን ጥረግ ተባልኩና ከወንበሮቹ እግር ጀምሬ ፀጉሩን ወደ በሩ ሰበሰብኩት። መምህሩ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። «የፀጉር አስተካካይ» አልኩት። በማግስቱ ስሜ ከእንጨት ክፍል ተሰርዞ ወደ ፀጉር ክፍል ተዛወረ።

ምን አድርጌ እንደገባሁ መምህሩ ያውቃል። ፋይሌ ላይ «በቤተሰቡ ፀጉር ቤት ውስጥ የአባቱን ወንድም ፊት በምላጭ ቆርጧል» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ መቀስ ይሰጠኛል፣ ማሽን ይሰጠኛል፣ ምላጭ ግን አይሰጠኝም። መቀሱም ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ነው የሚገባው። አይከፋኝም።

የአጎቴ ፊት እንዴት ሆነ? ስፌቱ ዳነለት? ይቅርታ እንዳልኩት ይንገሩልኝ። ፍርድ ቤት በአፌ ልነግረው ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ስለተቀመጠ አልቻልኩም።

ልጅዎ


ጥቅምት 27

ልጄ፣

ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ ያልከኝ? ደብዳቤህን ስከፍት ለዳኛ የተጻፈ አቤቱታ በስህተት የደረሰኝ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። አባትህ ነኝ። አንተ በለኝ። ስትናደድ «አንተ ሽማግሌ» ትለኝ የለ፣ እሱን ለምጄዋለሁ።

ፀጉር ክፍል መግባትህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ አልደብቅህም። ስንት ዘመን «ና አጠገቤ ቁም፣ እጄን እይ» ስልህ መጥረጊያውን ጥለህ ትሮጥ ነበር። አሁን መንግሥት አስሮ አስተማረልኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

እንግዲህ ከገባህበት አይቀር ስማኝ። መቀስ ስትይዝ አውራ ጣትህ ብቻ ትንቀሳቀስ፤ ሌሎቹ ጣቶች ዝም ይበሉ። ብዙ ጀማሪ ሙሉ እጁን እያወዛወዘ ማታ ክንዱን ያመዋል። ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ መጀመሪያ ትከሻውን እይ፤ ፀጉሩ የትም አይሄድም። ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ ፈርቷል ማለት ነው። ፎጣውን አስተካክልለት፣ ጊዜ ስጠው።

ሱቁ ደህና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮው ወረፋ አለ። እስካሁን መጥቼ ስላልጠየቅኩህ ቅር አትበል፤ መንገዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ሱቁን ለማን ጥዬው ልምጣ? ስለ አጎትህ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ፊቱ ድኗል። ለጊዜው ይህን ያዝ።

ብርድ እንዳይመታህ። ካልሲ ልኬልሃለሁ።

አባትህ


ታኅሣሥ 15

አባዬ፣

ካልሲው ደረሰኝ። አንዱ ከአንዱ ይበልጣል፤ ግን ይሞቃል።

ስለ መምህራችን ልንገርህ። «ጋሽ ሜዳ» ነው የምንለው፤ አናቱ ላይ ለምልክት እንኳ አንዲት ፀጉር የለችም። ፂሙ ግን ጫካ ነው። «ፈጣሪ ፀጉር ሲያድል ዘቅዝቆ ይዞኝ ነበር» ይላል። የመጀመሪያ ቀን «ደንበኛ የእኔን ራስ ካየ ይሸሻል፣ ስለዚህ እናንተ በእጃችሁ አስቀሩልኝ» አለን። ይቀልዳል እንጂ ሲያስተምር ቀልድ የለም። ማበጠሪያ መሬት ላይ ከወደቀ በአልኮል ካላጠብነው ጭንቅላታችንን ነው የሚያጥበን።

የመጀመሪያ ሰዬን ቆረጥኩ። አዲስ የገባ ልጅ ነው፤ ፀጉሩ ተያይዞ እንደ ስሚንቶ ደርቋል። ሲቀመጥ ትከሻው ጆሮውን ነክቶ ነበር። አንተ ያልከኝን አስታውሼ ፎጣውን አስተካከልኩና ቆምኩ። ከዚያ «እንዴት እንዲሆንልህ ትፈልጋለህ?» አልኩት። ከታሰረ ጀምሮ ምን ትፈልጋለህ ያለው ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ማልቀስ ጀመረ። ግራ ገብቶኝ ጋሽ ሜዳን አየሁት። «ቀጥል፣ ሰው እያለቀሰም ፀጉሩ ይቆረጣል» አለኝ። ቆረጥኩት። በመስታወት ጀርባውን ሳሳየው እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደና ቆዳውን ብዙ ጊዜ ዳበሰው።

ትልቁ መስታወታችን አሁንም ከበሩ ፊት ለፊት ነው? የግራ ጥጉ የተሰነጠቀው? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩህ።

ፂም መላጨት ለሁላችንም ግዴታ ነው አሉ፤ እንዴት እንደሚላጭ ጻፍልኝ። አጎቴን ነገርከው ወይ?

ልጅህ


ጥር 8

ልጄ፣

መስታወቱ አለ። ጠዋት ጠዋት በጋዜጣ እወለውለዋለሁ።

ለአጎትህ የላክኸውን ቃል በተመለከተ፣ ሰው የሚሰማበት ጊዜ አለው። ያልጠገገ ቁስል ሲነኩት ያደማል። አልረሳሁትም።

ፂም እንዴት እንደሚላጭ ጠይቀኸኛል። ጥያቄህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሰፈሩን አንዴ ዞሬ ተመለስኩ። ምላጭ እንደማይሰጡህ ነግረኸኝ ነበር። መማሩ ግዴታ ከሆነ ግን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክረህ ጨምቀህ ፊቱ ላይ አሳርፈው። ቆዳው እስኪላላ አትቸኩል። አረፋውን በብሩሽ እያዞርክ ቀባ። በግራ እጅህ ቆዳውን ወጥር፤ ምላጩ የሚቆርጠው ያልተወጠረ ቆዳ ሲያገኝ ነው። ፀጉሩ በወረደበት ውረድ። ጉሮሮው ጋ ስትደርስ ትንፋሹን ጠብቅ፤ ሲተነፍስ አንሳ፣ ሲያርፍ ውረድ። አታውራ፣ አታስቀው።

ሰው ፀጉሩን ሲሰጥህ ተመልሶ የሚያድግ ነገር ነው የሰጠህ። አንገቱን ሲሰጥህ ግን... በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። ይቅርታ አድርግልኝ።

ጽሕፈቴ ካስቸገረህ መብራቱ ደካማ ሆኖብኝ ነው።

አባትህ


የካቲት 20

አባዬ፣

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ታኅሣሥ ላይ ከሰፈራችን አንድ ልጅ ገብቶ ነበር፤ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ልጅ። ፀጉሩን እየቆረጥኩለት «የናንተ ሱቅ እኮ ስልክ መጠገኛ ሆነ» አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው። እኔ ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ ነው የተዘጋው አለ። እጄ ቀጥ አለ። ግማሽ ራሱን ጋሽ ሜዳ ጨረሰለት።

መስታወቱን የጠየቅኩህ ስለዚህ ነበር። «ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ» ስትለኝ አመንኩህ ልልህ አልችልም፤ ግን ለጥቂት ቀን ደስ አለኝ። አልተቆጣሁም አባዬ። እኔ ነኝ የዘጋሁት። መንገሩ ከብዶህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ከዚህ በኋላ ግን ንገረኝ።

አሁን የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ሰኔ ላይ ከውጭ መዛኞች መጥተው ይፈትኑናል። ፀጉር መቁረጥ አለ፣ ማጠብ አለ፣ መጨረሻው በታጣፊ ምላጭ ፂም መላጨት ነው። ይህን ያላለፈ የምስክር ወረቀት የለውም፤ ወረቀት ያልያዘውን ደግሞ ሲወጣ ማንም አይቀጥረውም፣ በተለይ ከዚህ የወጣን። ለእኔ ምላጭ ይፈቀድ አይፈቀድ ብለው ኃላፊዎቹ ተሰበሰቡ። ጋሽ ሜዳ ከስብሰባው ሲወጣ ላቡን እየጠረገ ነበር። «ተፈቀደልህ» አለኝ፣ «እንዳታሳፍረኝ»። ጥበቃ አጠገቤ ቆሞ ነው የምፈተነው።

ሌሎቹ ልጆች አንዱ ለአንዱ ይቀመጣል። ለፂሙ በእኔ ወንበር ግን ታራሚ እንዳይቀመጥ ተከልክሏል። ፈቅዶ የሚመጣ የቤተሰብ ሰው ካለ ግን ይቻላል አሉ።

አባዬ፣ ትመጣለህ? ሳምንት ያህል ፂምህን ሳትነካ ና።

ልጅህ


መጋቢት 11

ልጄ፣

ያዝከኝ። ይኸው እውነቱ።

ነገሩ ከደረሰበት ቅዳሜ በኋላ ወለሉን አጥቤ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቼ ከፈትኩ። ሰዎች አልመጡም አልልህም፣ መጡ። ፀጉራቸውን እቆርጥላቸውና ፂሙ ጋ ስደርስ «ይቅር፣ ቤቴ እላጨዋለሁ» ይሉኛል። ቀስ በቀስ ፀጉሩንም ሌላ ዘንድ መቆረጥ ጀመሩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ተቆርጠው ከሆነ፣ ኮፍያቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ነው ሰላም የሚሉኝ። ከእነሱ ይልቅ እኔ አፍራለሁ። አንዱን ወንበር ቤት አምጥቼ መስኮቱ ስር አስቀምጬዋለሁ። መስታወቱን ሲያወርዱት ተሰበረ።

አጎትህ ስፌቱ በተፈታ በሳምንቱ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ወጣ። ከንፈሩ በአንድ በኩል ወደ ታች ቀርቷል፤ ሻይ ሲጠጣ ያመልጠዋል። እናትህ ስትሞት አንተ ገና በእግርህ አልሄድክም ነበር። ሱቅ ውስጥ አጠገቤ አንተን በጀርባው አዝሎ ደንበኛ ያስተናግድ የነበረ ሰው ነው። የዚያን ቀን «ከትምህርት ቤት ከተባረርክ ቢያንስ ፀጉሩን ጥረግ» ያለህም ክፋት ኖሮት አይደለም። ጓደኞችህ ፊት መሆኑ ነው የከፋው። ይህን አንተም ታውቀዋለህ፣ አልመክርህም።

እንዳይሄድ በሩ ላይ ቆምኩበት። «አንተ አባቱ ነህ፣ ጠብቀው፤ መጠበቅም አለብህ» አለኝ። «እኔ ግን ተፈቶ ሲመጣ እዚህ መገኘት አልችልም።» መንገድ ለቀቅኩለት። የት እንዳለ አላውቅም። ይቅርታህን ያላደረስኩት ለዚህ ነው፤ ማድረሻ የለኝም።

ለፈተናው እመጣለሁ። ለመምህርህ ንገረው፣ ስሜንም በር ላይ አስመዝግብ። ፂሜን አሳድጌ እመጣለሁ።

አባትህ


ሰኔ 14

ለክቡር አባቴ

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ፈተናው ተካሂዷል። አልፌያለሁ። ይህን ለማሳወቅ ያህል ነው።

ይህን ብቻ ጽፌ ላሽገው ነበር። ጋሽ ሜዳ አየውና «ይሄ ደብዳቤ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው፤ ተቀመጥና ጻፍ» አለኝ። እሱ ባይለኝ አልጽፍም ነበር።

ስምዎ በር ላይ ተመዝግቦ ነበር። ሸሚዜን ከስፌት ክፍል በተዋስኩት ካውያ ተኩሻለሁ። የአንድ ልጅ ፀጉር ቆርጬ፣ አጥቤ ጨረስኩ። ፂም ላይ ሲደርስ ሌሎቹ ሠርተው መሣሪያ ሲያጥቡ እኔ ከባዶ ወንበር ኋላ ቆሜ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር እዞራለሁ። መዛኟ ሴትዮ «የሚላጭ ሰው ከሌለህ ዜሮ ነው የምሞላው። ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሌላ የምጽፈው የለኝም» አለችኝ። አጠገቤ የቆመው ጥበቃ ከእኔ ብሶ አፈረና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ያኔ ጋሽ ሜዳ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «መምህር ለተማሪው መቀመጥ አይችልም» አለችው። «የት ተጽፏል?» አላት። ወረቀቷን አገላብጣ አጣችው። እሱም ወደ እኔ ቀና ብሎ «ይሄን ፂም እስካሁን ከሚስቴ ምላስ በቀር የነካው የለም፣ ተጠንቀቅ» አለኝ። እንድስቅለት ብሎ ነው። አልሳቅኩም።

ምላጩን ስይዝ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዴት ቀላል እንደሆነ ረስቼው ነበር። እንዳሉኝ ቆዳውን ወጠርኩ፣ ትንፋሹን ጠበቅኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ ግን ፎጣውን መጭመቅ አቃተኝ፤ ጥበቃው ተቀብሎ ጨመቀልኝ።

ለምን እንደቀሩ አልጠይቅም። አውቶቡሱ ተበላሽቶ ነው ብለው ቢጽፉልኝ አምናለሁ። ታምሜ ነው ቢሉኝም አምናለሁ። ስለ መስታወቱም ለጥቂት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጅዎ


ሰኔ 25

ልጄ፣

አንቱ ማለትህ ይገባኛል። አውቶቡሱ አልተበላሸም። አልታመምኩም። መጥቻለሁ።

በዋዜማው ደርሼ እዚያው ከተማ አደርኩ። ጠዋት ከግቢያችሁ በር ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ተቀመጥኩ፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ በሯ ሰማያዊ ነው፣ ከጠረጠርከኝ ሄደህ እያት። ባለቤቷ «ሊጠይቁ መጥተው ነው?» አለችኝ። «ልላጭ ነው» አልኳት። አየት አደረገችኝና ሻዩን አስቀምጣልኝ ሄደች።

ጊዜው ሲደርስ ተነሥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። ከኪሴ ላወጣ እጄን ስሰድ እጄ ኪሴን ትቶ አንገቴን ያዘ። እንደ ሌላ ሰው እጅ። የወንድሜ ፊት መጣብኝ፣ በሁለት መዳፉ ይዞት፣ ደሙ በጣቶቹ መሃል እየፈሰሰ። ከእሱ ኋላ አንተ ቆመሃል። ጥበቃው «አባት፣ መታወቂያ» አለኝ ደግሞ። «ተሳስቼ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ፈራሁህ ልጄ። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፣ አጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያደገውን ፂሜን እያሻሸሁ፣ አንተ ባዶ ወንበር አጠገብ እንደቆምክ እያወቅኩ ተመለስኩ። ከመውረድና ከመመለስ የከለከለኝ ሰው አልነበረም። አልወረድኩም።

መምህርህን አይቼው አላውቅም። እጁን ሳምልኝ። ያ ቦታ የእኔ ነበር።

ከተናገርኩ አይቀር የቀረውንም ልጨምር። የሱቁን ነገር ግማሹን ነው የነገርኩህ። ጽሕፈቴ የተበላሸው በመብራቱ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ የነርቭ ነው አለኝ፣ እየባሰም ሊሄድ ይችላል አለ። ታማኝ ሆኖ የቀረልኝን አንድ ደንበኛ ጆሮውን ቆረጥኩት። ትንሽ ናት፣ በፕላስተር ያለፈች። ግን ከእኛ ቤት የወጣ ደም ስለሆነ ከሰዓት በፊት ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። በማግስቱ ራሴ ዘጋሁት።

ይህን ደብዳቤ ቀድደህ ብትጥለው አልቀየምህም።

አባትህ


ጥቅምት 3

አባዬ፣

ብዙ ቆየሁብህ። መጀመሪያ ተናድጄ ነው። በኋላ ንዴቱ አለቀና መዘግየቴ አሳፈረኝ፤ አፍሬም ተጨማሪ ቆየሁ።

ተፈትቻለሁ። የሚረከብ ሰው መፈረም ነበረበት፤ የፈረመልኝ ጋሽ ሜዳ ነው። አንተ እንድትጠራ አልፈለግኩም። ያንን በር እንደገና እንድታየው አልፈለግኩም ብል ይሻላል።

ሥራ አግኝቻለሁ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፀጉር ቤት ነው፤ ባለቤቱ ከጋሽ ሜዳ ጋር የተማረ ነው። ከየት እንደመጣሁ ያውቃል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። የምስክር ወረቀቴን በፍሬም አድርጎ ከራሱ ወንበር በላይ ሰቅሎልኛል። ፀጉር እቆርጣለሁ፣ አጥባለሁ። ፂም ሲሆን ግን እሱ ይነሳል። አንድ ቀን ሰው በዝቶ አንዱ ተጓዥ «አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፣ ይሄ ልጅ ይላጨኝ» አለ። ባለቤቱ «እሱ ፂም አልተማረም» አለው። ወረቀቱ ከአናቱ በላይ ተሰቅሎ። ማሽኔን አጸዳሁ።

ያን ቀን ማደሪያዬ ስገባ ያንተን ደብዳቤ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ሰኔ ላይ «ፈራሁህ» የሚለው ጋ ስደርስ ከደረቴ አንድ ነገር የተነቀለ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳነበው ቢያንስ አንተ ነግረኸኛል አልኩ። አሠሪዬ ግን ሊነግረኝ አይችልም፤ ቢነግረኝ ምን እለዋለሁ? አንዳንዴ እኔም ብቻዬን ስሆን እጄን አየዋለሁ። ሥራ ሲሠራ ደህና እጅ ነው።

ዘጠነኛ ክፍልን አልፌ ነው የወጣሁት፣ ሒሳብን በቀጭኑ። አሥረኛን በማታ ጀምሬያለሁ። እዚህ እግሬ ዴስኩ ስር ይገባል።

ሐኪም ቤት እንዳትቀር። ማንኪያ መያዝ ያስቸግርሃል? ለዚህ እንኳ እውነቱን ጻፍልኝ።

ልጅህ


ኅዳር 19

ልጄ፣

ማንኪያ ያስቸግረኛል። ሾርባ በኩባያ ነው የምጠጣው። ልብስ መቆለፍ ጠዋት ጠዋት ትግል ነው፤ አንዳንድ ቀን ቁልፉ ያሸንፋል። ጽሕፈቴንም እያየኸው ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ይህ እውነት ነው።

አጎትህ ተገኘ። ድሮ ደንበኛችን የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር ዕቃ ሲያራግፍ አየው። መጋዘን ይጠብቃል። ሄጄ አገኘሁት። ፂሙን ደረቱ ድረስ አሳድጎ ጠባሳውን ሸፍኖታል፤ ፀጉሩንም አይቆረጥም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስተካክል የኖረ ሰው። ባየው ባየው ወንድሜ አልመስል አለኝ። ሲስቅ ነው የለየሁት፣ በአንድ በኩል።

ያልከኝን ነገርኩት። እዚያ ስትማር መቆየትህን፣ መጀመሪያ የቆረጥከውን ልጅ፣ ፈተናውን፣ የእኔንም መመለስ ነገርኩት። ከዚያ «አልጠላውም በለው» አለኝ። «ጀርባዬ ላይ ያደገ ልጅ ነው። የት እንዳለሁ ግን እንዳትነግረው። ድምፁን ከሰማሁ እኔ ልቁም ብል ሰውነቴ ይሸሻል። ይህም ይለቀኝ እንደሆነ አላውቅም።»

ማልኩለት። ስለዚህ አትጠይቀኝ። ይቅርታህ ግን ደርሷል።

ለበዓልም ለሌላም አልልህም፣ እንዲሁ ና። ቤቱ ሰፍቶብኛል። ያንተ አልጋ እንዳለ ነው።

አባትህ


ጥር 16

አባዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። አውቶቡሱ መሃል መንገድ ላይ ጎማ ቢቀይርም ብዙም ሳይመሽ ደረስን። የሸሚዝህን ቁልፎች በተለጣፊ ጨርቅ መቀየሬን አይተው ጎረቤቶች እንዳይስቁብህ ከላይ ቁልፍ ሰፍቼበታለሁ፤ ስፌት ክፍል በመስኮት እያየሁ የለቀምኳት ሙያ ናት።

«ታዘብከኝ ወይ?» ብለህ ጽፈሃል። እኔ ከመድረሴ በፊት ደብዳቤህ አሠሪዬ እጅ ደርሶ ጠበቀኝ፤ ገና ቤትህ ሳለሁ ነው የላክኸው ማለት ነው። ፊት ለፊት ልትጠይቀኝ ትችል ነበር። እኔም ፊት ለፊት ልመልስልህ አልችልም ነበርና እንዲህ ይሻላል።

አልታዘብኩህም።

ምላጩን ከሻንጣዬ ላወጣው አላሰብኩም። «ላጨኝ» ያልከው አንተ ነህ። ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» አልኩህ፤ መልስ ሳትሰጠኝ መስኮቱ ስር ያለው ወንበር ላይ ሄደህ ተቀመጥክ። እኔ ውሃ አሞቅሁ።

ሰው ሲላጭ ዓይኑ በራሱ ጊዜ ይከደናል። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ሙቅ ፎጣ ካረፈበት በኋላ ፖሊስም ቢሆን ይከድናል፣ ጋሽ ሜዳ እንኳ በፈተናው ቀን ሊያንኮራፋ ምንም አልቀረውም። አንተ አልከደንክም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምላጩን ስትከተለው ነበር። ምራቅህን ለመዋጥ ከቆዳህ እስኪነሳ ትጠብቃለህ። ጉሮሮህ ጋ ስደርስ ሁለት እጆችህ የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ይንቀጠቀጡ ነበር፣ ቀኙም ግራውም። አየሁ አባዬ። እንዳላየ መሆንም እችል ነበር፤ ግን እንዳላየ መሆን በኛ ቤት ብዙ ጊዜ ተሞክሯል።

ግን አልተነሳህም። አንድ ጊዜ ምላጩን አርቄ «ይበቃል፣ የቀረውን በማሽን አደርገዋለሁ» አልኩህ። አገጭህን ቀና አደረግክልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ያልኩት። ሳልቸገር ልጨርሰው የምችለውን ቦታ እንኳ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት፤ ፈርቼ አይደለም፣ ቶሎ እንዲያልቅ ስላልፈለግኩ ነው።

ዓይንህን ስላልከደንክ ይቅርታ አትጠይቀኝ። እኔን እየፈራ የተቀመጠልኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።

ፂምህ ቶሎ ያድጋል። በሚመጣው ወር መጨረሻ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አትንካው።

ልጅህ